አሮጌ ሞተር ስንት ኪሎ ይችላል?

በገበያ ቀን ከገጠር ቀበሌ ወደ ወረዳ ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ ሰው፣ ከአሽከርካሪው ኋላ ሌላ ሰው ያፈናጠጠ፣ ከሰውየው ኋላ ደግሞ ግማሽ ኩንታል እህል የታሰረበት ሞተር ሲያልፍ ለማየት ብዙ አይጠብቅም። ሞተሩ ብዙውን ጊዜ አዲስ አይደለም። አሥር ዓመት የሠራ ቦክሰር፣ ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ ያማሃ፣ ወይም በሦስትና በአራት ባለቤት እጅ ያለፈ ሆንዳ ነው። በአዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ወዲህ ሞተር ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ቢደረግም፣ ከከተማዋ ውጭ ግን ነፍሰ ጡሯን ጤና ጣቢያ የሚያደርሳት፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር እስከ ማሳው የሚወስደው፣ ነጋዴና ተማሪ የሚያመላልሰው እሱ ነው። ስለዚህ አሮጌ ሞተር ሰውና ዕቃ አይጫንበት ብሎ መጻፍ ከኑሯችን ጋር አይገጥምም፤ እኔም እንዲያ አልልም። መነጋገር ያለብን ስንት ይጫን፣ የት ላይ ይጫን፣ ልኩንስ በምን እንወቀው በሚለው ላይ ነው።

ባለሞተሩ ልኩን የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ በኢንጂኑ ጉልበት ነው። ዳገቱን ከወጣ፣ በሁለተኛ ማርሽ ካልታፈነ፣ ጭስ ካላበዛ “ይችላል” ይላል። ካልወጣ ደግሞ መካኒክ ዘንድ ይወስደዋል፤ ሲሊንደሩ ተሞርዶ፣ አዲስ ፒስተንና ፋሻ ገብቶለት፣ ከኋላ ተለቅ ያለ የሰንሰለት ጥርስ ተገጥሞለት ዳገቱን እንደገና መውጣት ይጀምራል። ይህ መስፈርት የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ። አሮጌ ሞተር ስንት ኪሎ እንደሚችል የሚወስኑት የሚደግፉትና የሚያቆሙት ክፍሎች፣ ማለትም ጎማው፣ ፍሬኑ፣ አሞርዛተሩና ሻንሲው ናቸው፤ ከእነሱም ውስጥ በጣም የደከመው ነው የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው። ኢንጂን ሲታመም ይጮኻል፣ ያጨሳል፣ አልነሳም ይላል። ያለቀ የፍሬን ሸራና ያረጀ ጎማ ግን ድምፅ ሳያሰሙ ይሠራሉ። ድካማቸው የሚታወቀው ሕፃን ልጅ ድንገት መንገድ ሲያቋርጥ፣ ወይም ቁልቁለት ላይ ኩርባ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ኢንጂኑ ብቻ የታደሰለት አሮጌ ሞተር ከመታደሱ በፊት ከነበረው ይልቅ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ ማቆም ከሚችለው በላይ መሳብ ጀምሯልና።

ከቁጥሩ እንነሳ። በአገራችን የሚበዙት ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያሉ ሞተሮች ባዷቸውን 120 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። አምራቾቹ በመመሪያ መጽሐፋቸው የሚፈቅዱት ጭነት እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከ130 እስከ 180 ኪሎ ባለው ውስጥ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ቢኖር ይህ ቁጥር አሽከርካሪውንም ጨምሮ መሆኑ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን አሽከርካሪና 65 ኪሎ የሚመዝን ተሳፋሪ ሲቀመጡ 135 ኪሎ ሞላ። 150 ኪሎ በተፈቀደለት ሞተር ላይ ለዕቃ የቀረው 15 ኪሎ ብቻ ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ እንኳ ከዚህ ይበልጣል። ብቻውን የሚነዳው ሰው ደግሞ 80 ኪሎ ይቀረዋል፤ ሙሉ ኩንታል መጫን አይፈቀድለትም ማለት ነው። በዚያ ላይ ቁጥሩ የተጻፈው ለአዲስ ሞተር ነው። ፋብሪካው የለካው ዘይቱ ያልፈሰሰ አሞርዛተር፣ ያልተበላ ሸራ፣ ያልተሰነጠቀ ጎማ፣ ያልዛገ ብየዳ ያለውን ሞተር ነው። አሥር ዓመት በጠጠር መንገድ የተንገላታ ሞተር ከዚህ ልክ በታች መቆየት ግዴታው ነው።

ከኪሎው ብዛት እኩል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ልዩነት የሚያመጣው ጭነቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለው ርቀት 1.25 ሜትር ገደማ ነው። በሁለቱ መካከል የተቀመጠ ዕቃ ክብደቱን ለሁለቱም ጎማዎች ያካፍላል። የኋላውን ጎማ መሐል አልፎ ወደ ኋላ የወጣ ዕቃ ግን ሙሉ ክብደቱን ኋላ ላይ ጥሎ፣ አልበቃ ብሎት የፊቱን ጎማ ወደ ላይ ያነሳል፤ ያነሳውንም ያህል መልሶ የኋላው ላይ ይጭናል። በግምት ብናሰላው፣ አሽከርካሪው ብቻውን ሲነዳ ከጠቅላላው 190 ኪሎ 76ቱ በፊት ጎማ፣ 114ቱ በኋላ ጎማ ላይ ያርፋል እንበል። ተሳፋሪው የሚቀመጠው ከኋላ ጎማ መሐል ጥቂት ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ ከ65 ኪሎው 58ቱ ወደ ኋላ፣ 7ቱ ወደ ፊት ይሄዳል። አሁን 45 ኪሎ እህል ፖርቶመጋላው ላይ፣ ከኋላ ጎማ መሐል 30 ሳንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ይታሰር። የኋላው ጎማ ላይ የሚጨመረው 56 ኪሎ ይሆናል፤ ከ45ቱ በላይ ያለው 11 ኪሎ ከፊት ጎማ የተነሳ ነው። ሲደመር ኋላ 228፣ ፊት 72 ኪሎ ሆነ። ሞተሩ ላይ 110 ኪሎ ተጨምሮበት ሳለ፣ የፊት ጎማው አሽከርካሪው ብቻውን ከነበረበት ጊዜ በ4 ኪሎ ቀለለ! መሪው የሚታዘዘው በዚያ ጎማ ነው። ከጠቅላላው ክብደት 40 ከመቶ ይሸከም የነበረው አሁን የያዘው 24 ከመቶ ብቻ ነው፤ ዳገት ላይ ደግሞ ከዚህም ይወርዳል።

228 ኪሎ ለኋላው ጎማ ምን ማለት እንደሆነ ጎማው ራሱ ይናገራል። ጎኑ ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ የሚገኘው ባለ ሁለት አሐዝ ቁጥር የሚችለውን ክብደት የሚያመለክት ነው፤ 50 ከሆነ 190 ኪሎ፣ 52 ከሆነ 200 ኪሎ፣ 56 ከሆነ 224 ኪሎ። ከላይ ያሰላነው ጭነት ሦስቱንም ያልፋል። ይህም ጎማው በሚገባ ተነፍቶ፣ መንገዱም ደልዳላ ሆኖ ነው፤ ጉድጓድ ሲገባ የሚያርፍበት ምት ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች ለአንድ ሰው ከኋላ 28፣ ሰው ሲፈናጠጥ 32 ወይም ከዚያ በላይ የአየር ግፊት ይጠይቃሉ። ጎሚስታው ግን በመለኪያ ሳይሆን በአውራ ጣቱ ተጭኖ “በቂ ነው” ካለ፣ ጎማው ጎኑ እየታጠፈና እየተዘረጋ ይሞቃል፤ የሞቀ አሮጌ ጎማ ደግሞ ከውስጥ መላቀቅ ይጀምራል። ጎማ ጥርሱ ባያልቅም ያረጃል። ጎኑ ላይ በታተመው ባለ አራት አሐዝ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ይነግራሉ፤ 2316 ማለት በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጎማ ጥርሱ ስላለ ብቻ ሁለት ሰውና እህል መጫኛ ማድረግ አይገባም።

የፊት ጎማ መቅለሉን አሽከርካሪው የሚያውቀው በእጁ ነው። መሪው ይላላበታል፤ ጉድጓድ ሲያልፍ ወይም ነፋስ ከጎን ሲመታው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። አዲስ ሞተር ላይ ውዝዋዜው ቶሎ ይረግባል። አሮጌው ላይ ግን የመሪው ኩሽኔታ መሐሉ ተበልቶ ስለጎደጎደ፣ የኋላውን ጎማ የያዘው ክንድ ቡሽ ስለላላ፣ አሞርዛተሩም ስለደከመ ከመርገብ ይልቅ ይብስበታል። ጭነት ከኋላ መከመር የለበትም የሚለው ነገር ከሠሪዎቹም ዘንድ ማስረጃ አለው። ያማሃ ለእርሻ ሥራ ብሎ የሠራው፣ በአፍሪካም ለግብርናና ለጤና ሠራተኞች በብዛት የቀረበው ኤጂ 100፣ ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ ከመሸፈኑ በተጨማሪ አንድ ፖርቶመጋላ ከኋላ፣ ሌላ አነስ ያለ ደግሞ ከፊት ተገጥሞለታል። ሞተሩን ያሰቡት ሰዎች ዕቃው ተከፋፍሎ እንዲጫን ፈልገዋል። ዛሬ በገበያችን የምናያቸው አብዛኞቹ ሞተሮች የፊቱ የላቸውም፤ ግን ዕቃውን ለሁለት ከፍሎ በኋላ ወንበር ግራና ቀኝ ዝቅ አድርጎ ማንጠልጠል፣ ከባዱን ወደ አሽከርካሪው ጀርባ ማስጠጋት፣ ቀላሉን ወደ ኋላ መተው ለማንም የሚቻል ነው። የኋላው ሲጫን አፍንጫው ቀና ስለሚል የፊት መብራቱም መንገዱን ትቶ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። የመብራቱን ብሎን ላላ አድርጎ ወደ ታች ማዘንበል የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ማታ ጭነት ይዞ የሚሄድ ሰው ሁሉ ሊያደርገው ይገባል።

ዋናው ጉዳይ ግን ፍሬን ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር የያዘው ጉልበት ክብደቱ በጨመረ ቁጥር በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ዕድገቱ በካሬ ነው። ፍሬኑ ደህና የሆነ፣ አሽከርካሪው ብቻውን የተቀመጠበት 190 ኪሎ ሞተር በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ24 ሜትር ይቆማል ብንል፣ ያው ሞተር 300 ኪሎ ሆኖ በዚያው የፍሬን ጉልበት ለመቆም 38 ሜትር ይፈልጋል። ሸራው ተበልቶ ወይም በዘይት ረክሶ ከጉልበቱ ሩቡን ካጣ ደግሞ ወደ 50 ሜትር ይጠጋል። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ እስኪነቃ የምታልፈዋ አንዲት ሰከንድ 17 ሜትር ትጨምርበታለች። ፊዚክስ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ሊሞግተኝ ይችላል፦ ክብደት ሲጨምር ጎማው መሬቱን አጥብቆ የሚይዝበት ኃይልም ስለሚጨምር የማቆሚያው ርቀት መለወጥ የለበትም ብሎ። ፍሬኑ ጎማውን እስከ መጨረሻ አቅሙ ማሠራት የሚችል ቢሆን እውነቱን ነው። የአሮጌ ሞተር ፍሬን ግን በሽቦና በብረት ዘንግ የሚሳብ፣ ታምቡር ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ሸራ ነው። የእግርና የእጅ ጉልበት ልክ አለው፤ ከዚያ በላይ ቢረገጥም የሚጨምረው ነገር የለም።

ይህ ስሌት መልካም ዜናም አለው። 300 ኪሎ የሆነው ሞተር ፍጥነቱን ወደ 48 ቢያወርድ፣ የያዘው ጉልበት አሽከርካሪው ብቻውን በ60 ሲሄድ ከነበረው ጋር እኩል ይሆናል፤ በዚያው በ24 ሜትር ይቆማል። የተጫነው ሰውና እህል ዋጋው 12 ኪሎ ሜትር የፍጥነት ቅናሽ ነው። በ20 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ይህ የሚያስከትለው መዘግየት አምስት ደቂቃ ነው። ከዚህ የረከሰ የጥንቃቄ ዋጋ አላውቅም። የፊት ፍሬንን መፍራትም ሊቀር ይገባል። “ይገለብጣል” እየተባለ ብዙ አሽከርካሪ በእግሩ ብቻ ያቆማል፤ የፊቱ ሽቦ ዝጎ ቢደርቅም አያስጠግነውም። ከኋላ የተጫነ ሞተር በፊት ፍሬን የመገልበጥ ዕድሉ ባዶውን ካለው ያነሰ ነው። ጠጠርና ጭቃ ላይ በእርጋታ፣ አስፋልት ላይ ደግሞ በሚገባ፣ ሁለቱን ፍሬኖች አብሮ መያዝ ነው ትክክሉ።

ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሙቀት ይመጣል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ 1,400 ሜትር ገደማ ወደ ታች ይወርዳል። 300 ኪሎ የሆነ ሞተር ያን ሁሉ ወርዶ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ከከፍታው ያገኘው ጉልበት 12 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ጥቂቱን ነፋሱ ይወስደዋል፤ የቀረው ወይ በኢንጂኑ ይመጠጣል፣ ወይ ደግሞ በሁለት ትናንሽ ታምቡሮች ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም ሲግል መያዝ ያቅተዋል። ፔዳሉ ወደ ታች ጠልቆ ሲሄድና ሞተሩ ፍጥነቱን አልቀንስ ሲል “ፍሬን በጠሰ” ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የተበጠሰ ነገር የለም፣ የጋለ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ፎሌ አድርጎ ወይም ኢንጂን አጥፍቶ መውረድ ይህን ሁሉ ሸክም በሸራዎቹ ላይ ብቻ መጣል ነው። በጣርማ በርም ይሁን በሊማሊሞ፣ ጭነት የያዘ ሞተር ቢወጣ ኖሮ በሚወጣበት ማርሽ መውረድ አለበት፤ ኢንጂኑ ቢጮኽም ይጩኽ። ሽታ ከመጣ፣ ፔዳሉም ከላላ፣ ጥግ ይዞ ቆሞ ታምቡሩ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። ውኃ ማፍሰስ አይገባም፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ደጋው ራሱ ነገሩን ያወሳስበዋል። አዲስ አበባ ባለችበት ከፍታ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ አየሩ ሳስቶ ካርቡሬተር ያለው ኢንጂን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያጣል። ስምንት የፈረስ ጉልበት ያለው ስድስት ያህሉን ይዞ ነው ዳገት የሚወጣው። ባለሞተሩ ገንዘቡን ኢንጂኑ ላይ የሚያፈስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ በየዳገቱ ድካሙን የሚሰማው እሱን ነውና።

የተቀሩትን ክፍሎች ድካም ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሞተሩን በመሐል መቆሚያው አቁሞ የኋላውን ጎማ ጫፍ በእጅ ይዞ ወደ ግራና ቀኝ መግፋት ነው፤ ከተነቃነቀና “ቀጭ ቀጭ” ካለ የክንዱ ቡሽ ወይም የጎማው ኩሽኔታ አልቋል። ወንበሩን በሁለት እጅ ተጭኖ በድንገት መልቀቅ ነው፤ አንዴ ተነስቶ ከረጋ አሞርዛተሩ ደህና ነው፣ ሁለቴ ሦስቴ ከዘለለ ዘይቱ አልቆ የቀረው ስፕሪንግ ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው የኋላው ታምቡር ላይ ያለው አጭር የብረት እጅ ነው። ፍሬን ተረግጦ ሲያዝ ይህ እጅ ከሚስበው ዘንግ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እስኪሠራ ድረስ መሄዱ ደንብ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሸራው አልቋል። አንዳንድ መካኒክ ግን ሸራ በመቀየር ፈንታ እጁን ፈትቶ ከጥርሱ ላይ አንድ ሁለት ጥርስ ወደ ኋላ መልሶ ያስረዋል። ፔዳሉ ወዲያው ይጠብቃል፤ ባለሞተሩም ተደስቶ ከፍሎ ይሄዳል። እንዲህ የተደረገለት ፍሬን ከውስጥ ሸራ የለውም፤ አንድ ቀን በጭነት ሲረገጥ ሸራውን የሚከፍተው ብረት ተገልብጦ ጎማውን ሊቆልፈው ይችላል። ሰንሰለቱን ደግሞ ማጥበቅ ያለብን ሰውና ዕቃ ሲጫንበት የሚሆነውን አስበን ነው። ሞተሩ ሲጎብጥ ሰንሰለቱ ይወጠራል፤ ባዶውን ሳለ ጥብቅ የነበረ ሰንሰለት ጭነት ሲያርፍበት የማርሹን ኩሽኔታ እየጎተተ ይበላል።

“የድሮ የጃፓን ሞተር ብረቱ ወፍራም ነው፤ እንደ ዛሬዎቹ አይደለም” የሚል መልስ ከብዙዎች ይመጣል። ከፊል እውነት አለው፤ ለሥራ ተብለው የተሠሩት የቆዩ ሞዴሎች በእርግጥ ጠንካራ ነበሩ። ግን ጎማ፣ ሸራ፣ ዘይትና ቡሽ ከየትም አገር ቢመጡ ያረጃሉ። ብረቱም ቢሆን በትናንት ጥንካሬው አይደለም። ፖርቶመጋላው ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው፣ ቀለሙ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ተሰንጥቆ በመስመሩ ውስጥ ቀይ ዝገት ሲወጣ ሊያይ ይችላል፤ ብረቱ ከውስጥ መሰንጠቅ ጀምሯል ማለት ነው። ብዙ ሰው ለዚህ መድኃኒቱ ወፍራም ፖርቶመጋላ ማስበየድ ይመስለዋል። የተበየደው ፖርቶመጋላ አይሰበርም፤ ነገር ግን ወደ ኋላ በረዘመ ቁጥር ሰው የሚከምርበትን ኪሎ ይጨምራል፣ የፊቱን ጎማ የበለጠ ያነሳል፣ ስብራቱንም ከፖርቶመጋላው ወደ ሻንሲው ያሻግረዋል። ጠንከር ያለ ስፕሪንግ ማስገባትም እንዲሁ ነው። የኋላውን ቀና ያደርገዋል፤ ለጎማውና ለፍሬኑ ግን የሚጨምርላቸው አቅም የለም።

ሌላው መልስ “ስንት ዓመት እንዲህ እየጫንን ደርሰናል” የሚል ነው። በዚህ ላይ መጨቃጨቅ የሚከብደው እውነት ስለሆነ ነው። ከመጠን በላይ የተጫነ ሞተር በአብዛኛው ቀን ይደርሳል። አብዛኛው ቀን ድንገት ማቆም፣ ድንገት መታጠፍ፣ ጎማ መፈንዳት የለበትምና። የፍሬኑ ልክ የሚፈተነው በዓመት ምናልባት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው፤ የተሳካው ጉዞ ሁሉ ስለዚያች ቀን አንዳች ነገር አይነግረንም። በዚያ ላይ ሞተሩ በየቀኑ ጥቂት ስለሚደክም ባለቤቱ ለውጡን አያስተውለውም፤ እጁና እግሩ ቀስ በቀስ እየለመዱት ይሄዳሉ። ያው ሞተር በሌላ ሰው ቢነዳ ግን የመጀመሪያው ኩርባ ላይ “ይሄ ፍሬን የለውም!” ይላል።

በጣም ከባዱ ተቃውሞ የኑሮው ነው። ጭነቱ እንጀራ ነው፤ ሁለቴ መመላለስ ቤንዚን ነው፤ ቤንዚኑም በብዙ ወረዳ ማደያ ስለሌለ በፕላስቲክ ጠርሙስ በውድ የሚገዛ ነው። ይህን የሚለውን ሰው ማሳነስ አይገባም። ሆኖም ሒሳቡን አብረን እንሥራው። እነዚህ ሞተሮች ለ100 ኪሎ ሜትር 2 ሊትር ተኩል ገደማ ቤንዚን ይበቃቸዋል። 10 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ገበያ ድረስ ተጨማሪ ደርሶ መልስ ማድረግ ግማሽ ሊትር ነው። ከልክ በላይ በተጫነ ቁጥር የሚበላው ሰንሰለት፣ የሚሰበረው የጎማ ሽቦ፣ የሚጣመመው ቸርኬ፣ የሚፈነዳው ከመነዳሪ ሲደመር ከዚያ ግማሽ ሊትር ይበልጣል፤ ጎልቶ የማይታየው በየቀኑ ስለማይከፈል ብቻ ነው። ጥንድ የፍሬን ሸራም ኢንጂን ለማሳደስ ከሚወጣው ገንዘብ በብዙ ያንሳል። ድህነት ምርጫ ያጠብባል፤ ግን ያለችው ብር መጀመሪያ የት ትሂድ የሚለው ምርጫ በባለሞተሩ እጅ ነው።

የተሳፋሪው ጉዳይ የሚለየው ይህን ሁሉ ሳያይ ሕይወቱን አደራ የሚሰጥ በመሆኑ ነው። ሸራውን አልመረመረም፣ የጎማውን ዕድሜ አያውቅም፣ የሚይዘው መሪ የለውም። ብዙውን ጊዜ ሄልሜትም የለውም፤ ሞተሩ ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም የሚያደርገው አሽከርካሪው ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው 61 ጥናቶችን የመረመረ የኮክሬን ግምገማ፣ ሄልሜት በአደጋ የመሞትን ዕድል በ42 ከመቶ፣ የራስ ቅል ጉዳትን በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ ደምድሟል። አስፋልቱ ፊት የተቀመጠውንና ኋላ የተቀመጠውን አይለይም። አቀማመጡም ቢሆን ልማድ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። በጎን መቀመጥ ክብደቱን ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ የነጠላና የቀሚስ ጫፍ ጎማው ወይም ክፍት ሰንሰለት ውስጥ ገብቶ ሰው ጎትቶ ሊጥል ይችላል። ተሳፋሪው እግሩን መርገጫው ላይ አድርጎ፣ ነጠላውን ከወገቡ አጥብቆ፣ ከአሽከርካሪው ተጠግቶ መቀመጥ አለበት። ጀሪካን ጭኑ ላይ አቅፎ ወይም በግ ይዞ መፈናጠጥ ደግሞ በየኩርባው የሚንቀሳቀስ ጭነት መፍጠር ነው፤ አሽከርካሪው ሊቆጣጠረው አይችልም።

አሮጌ ሞተር ያላችሁ ወገኖች፣ ከሰውና ከጆንያ አንዱን ምረጡ። ሰው ከተፈናጠጠ ዕቃው በእጅ የምትያዝ ትንሽ ዘንቢል ትሁን፤ እህል ከተጫነ የተሳፋሪው ወንበር የእህሉ ቦታ ይሁን፣ ፖርቶመጋላውም ባዶ ይሂድ። ለጥገና የያዛችሁት ገንዘብ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ መጀመሪያ የኋላ ጎማ፣ ቀጥሎ የሁለቱም ፍሬኖች ሸራ፣ ከዚያ ሁለተኛ ሄልሜት ግዙ፤ የኢንጂኑ እድሳት ከእነዚህ በኋላ ይድረስ።